አምባዛ ያስጾምኩበት ሁዳዴ

አምባዛ ውሃ ውስጥ እየኖረ አየር የሚተነፍስ ዓሣ ነው። ጊዜው ሲደርስ ከኩሬው ወለል ይነሣና ሰፊ አፉን ከውሃው በላይ ከፍቶ «ቧ» አድርጎ ይምጋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሰምጣል። ደባርቅ በነበረው ቤቴ ጓሮ፣ ሥራዬን ጨርሼ ኩሬው አጠገብ ጉቶ ላይ ስቀመጥ ይህን ድምፅ እሰማ ነበር። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ስለሚነሣ ድምፁ አይቋረጥም። በዚያ ሁዳዴ ግን ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄደ። እየሳሳ መሄዱን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ይህን መጻፌ ከንቱ ይሆናል።

ሙያዬ አናጺነት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በደብር ነው፤ ከዚያ ወዲያ መምህር አልነበረኝም። ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ ስኳር የተጠቀለለበትንም ጭምር፣ ሳላነብ አልጥልም። አንድ ጊዜ ሳንቃ በር ወደሚባለው ተራራ ወጥቼ የአውሬ ፓርኩን ጠባቂዎች ቤት በር ስጠግን ከጥራጊ መሀል ሽፋን የሌለው የፈረንጅ መጽሐፍ አገኘሁ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሥዕሉ ግን ይገባኝ ነበር። ምድሩ በረዶ ለብሷል፣ መሀሉ ላይ የመስተዋት ቤት ቆሟል፣ በውስጡ ቲማቲም ቀልቶ ተንዠርጓል። ደባርቅም ብርድ ናት፤ ከሊማሊሞ በኩል የሚነሣው ነፋስ አጥንት ይበሳል፤ በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚገኘው። መስተዋት ከየት ይመጣል? ዳባት ገበያ ወርጄ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚገባውን ነጭ ላስቲክ ለቃቅሜ መጣሁ። ወረቀት ደርቤ በከሰል ካውያ እያጣበቅሁ ሰፊ ሸራ አወጣሁት፤ በባሕር ዛፍ ማገር ላይም ወጠርኩት። ልጆቼ «ላስቲክ ቤት» አሉት፤ ስሙም ጸና።

መሀሉ ላይ እስከ ደረቴ የሚደርስ ኩሬ ቆፈርኩና በሲሚንቶ ለሰንኩት። በዝቅተኛው በኩል ውሃው የሚለቀቅበት ቀዳዳ አውጥቼ የእንጨት ውታፍ አበጀሁለት። ዙሪያውን ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ከመርኩበት፤ ፋንድያ ሲብላላ ይግላል። ማታ ማታ ሰሌን አለብሰው ነበር። ደጁ አመዳይ ጥሎ ሳለ የኩሬዬ ውሃ ለብ ይል ነበር።

ዓሣዎቹን ያመጣሁት ከጎርጎራ ነው። ጀልባ ልጠግን ወርጄ አንድ አጥማጅ አምባዛ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ሥር ሲያስቀምጥ አየሁ፤ ማታ ሲፈታው ሕያው ነበር። ይህ ዓሣ ደባርቅ ይደርሳል አልኩ። ከእጄ መዳፍ የማይበልጡ አሥራ ሁለት ግልገሎች በሣርና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በጭነት መኪና አመጣኋቸው። አንድም አልሞተብኝም።

ባለቤቴ ገና ስታያቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ቅርፊት የለውም! ይህን ርኩስ ነገር ምን ሊያደርጉት ነው?»

«አልበላውም። አሳድገዋለሁ።»

«ለምን?»

ያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም። አሁን እሰጣለሁ፤ በትዕቢት ነው። በዚህ ብርድ አገር ሌላ ሰው ያልሠራውን ሠራ እንድባል ፈልጌ ነበር።

በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ለእስላሙ ሰፈር ከብት የሚያርድ ባለ ልኳንዳ ነበር። ትልቅ ሰው፣ ሳቂታ፣ ምላሱ እንደ ቢላዋው የተሳለ። ሁልጊዜ ልጆችን ስመክርና ሰፈሩን ስገሥጽ ስለሚሰማ «የኔታ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ሳንባና አንጀት፣ የረጋ ደም በቆርቆሮ ይዞ በላስቲክ ቤቱ በር ይገባል። አብረን ኩሬው ዳር ቆመን ስንወረውር አምባዛዎቹ ከጨለማው ውሃ ይፈነዳሉ። በሁለተኛው ዓመት ትልቁ ከወገቤ እስከ መሬት ይደርስ ነበር። ራሱ እንደ አካፋ የተደፈጠጠ፣ ጺሙ እንደ ጅራፍ የረዘመ። ሳልደብቅ ልናገርና እፈራው ነበር። አንድ ቀን ውሃ ዳር ስትጭር የነበረች ጫጩት በአንድ ምጋታ ስትጠፋ አይቻለሁ፤ ትንሿን ልጄን ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዋን አላስገባሁም።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው፤ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ያደርጋል። መጥቶ ትልቁን አምባዛ ባየ ጊዜ እጁን አጨበጨበ። «እርስዎ ጭቁን ባለሙያ ነዎት! ይህ ሠርቶ ማሳያ መሆን አለበት» አለኝ። ከዚያ ዓሣዎቹ የእኔ መሆናቸው ቀረ። አሥራ ሁለት ተብለው ተመዘገቡ። በላብ አደሮች በዓል ከጎንደር የሚመጡ ትልልቅ እንግዶች በዘንግና በመንጠቆ ከአምባዛዎቹ ጋር እየታገሉ እንዲዝናኑ አሰበ። ውጭ አገር ባለ ሥልጣኖች እንዲህ እንደሚጫወቱ ሰምቶ ነበር፤ ዘንጉንም ከየት እንደሆነ እንጃ አስመጥቶ ነበር። እኔም ኮራሁ።

ያን ዘመን ላልኖረበት ሰው አንድ ነገር ልንገር። በቀበሌው እስር ቤት የታሰረ ሰው ምሳ የሚበላው ከቤቱ ነው። ሚስቱ ወይም እናቱ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ትሰለፋለች፤ ጠባቂው ይቀበላል። ጠባቂው አልቀበልም ካለ፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» ካለ፣ ትርጉሙን ሁሉም ያውቃል። ሴቲቱ ሙሉውን ምሳ ዕቃ ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ የሚያያት ሰው ሰላም አይላትም፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እኔም ዘግቻለሁ።

ጾመ ነነዌ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ሲነበብ አዳመጥኩ። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ነው። ያን ቀን ግን የነነዌ ንጉሥ ሰውን ብቻ ሳይሆን ከብቱንም ማስጾሙ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ቤቴ ደረስኩ። እኔና ልጆቼ ከፍስክ ተከልክለን ጓሮዬ ውስጥ ደምና አንጀት ይበላል? ሦስቱን ቀን ለአምባዛዎቹ ምንም አልሰጠሁም። ደህና ሰነበቱ። እንግዲያው ሁዳዴንም ይጾማሉ አልኩ። የሚጠይቀኝ ቄስ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ብቻውን የተማረ ሰው ጠባዩ ይህ ነው፤ የገባው መስሎት የሚሳሳተውን የሚያርመው የለም።

ጎረቤቴ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። «የኔታ፣ ልጆችህን ጥራቸው፤ ዛሬ ጥሩ ሳንባ አለ።»

«እስከ ፋሲካ አታምጣ።»

«ምነው? ሞቱ እንዴ?»

«ይጾማሉ።»

ቆርቆሮውን መሬት አስቀምጦ ሳቀ። «ይኼ ጺማም ክርስትና የተነሣው መቼ ነው? ሳትጠራኝ!»

«በቤቴ የሚኖር ሁሉ ይጾማል።»

«እኛም ረመዷን አለን፤ ድመታችንን ግን አናስጾምም።» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ስማ፣ ይኼ ሥጋ በል ነው። ዕድሜዬን ከሥጋ በል ጋር ነው የኖርኩት፤ ውሻም ጅብም ልኳንዳዬ በር ላይ ነው የሚውለው። አንተ ከከለከልከው ራሱ ይፈልጋል።»

«አጥብቄ አስሬዋለሁ፤ የት ሄዶ ይፈልጋል?» አልኩት። መልሱ ኩሬው ውስጥ ነበር፤ አላየሁትም።

የተቀቀለ ሽምብራና የኑግ ፋጉሎ እሰጣቸው ጀመር። መጀመሪያ ተፉት። ከዚያ ሲወረወርላቸው መፈንዳታቸው ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት «ቧ» የሚለው ድምፅ ሲቆራረጥ ሰማሁ፤ ውሃው ስለደፈረሰ አይታይም። ትልቁ ግን ሲነሣ አየሁት፤ ወፍሯል። ጀርባው አብረቅርቋል። ልጆቼን ጠርቼ ኩሬው ዳር አሰልፌ አስተማርኩ። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ የንጉሡን ሥጋ ትተው ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው እንዳማረ ነገርኳቸው፤ እነሆ በዓይናችሁ እዩ፣ ጾም ሰውነትን አይጎዳም አልኳቸው። ልጆቼ ወፍራሙን አምባዛ አዩ፤ አመኑኝም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በሆሣዕና ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከትልቋ ልጄ ጋር ሰሌኑን ልናለብስ ገባን። ትልቁ አምባዛ ተነሣ። አፉ አልተገጠመም። ከአፉ ጥግ የሌላ አምባዛ ጭራ ወጥቶ ይወዛወዛል፤ ገና ነፍስ ነበረው። ልጄ ክንዴን ያዘች። ዓሣው ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ ጭራው ገባ። ከዚያ ሰመጠ፤ ኩሬው ዝም አለ። ሌላ የሚተነፍስ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ ድምፅ እንኳን አልሰማሁም።

«አባባ፣ በላው እኮ» አለች።

«ያየሽውን ለማንም አትናገሪ።»

«ለእማዬስ?»

«ለማንም አልኩሽ!»

የፈራሁት ይህን ነው። የመንግሥት ንብረት የሆኑ ዓሣዎች ጠፍተዋል። ምክንያቱ ደግሞ ሃይማኖት ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ቃል ካስገባኸው፣ ሦስተኛው ቃል አሻጥር ነው፤ ከአሻጥር በኋላ የሚመጣውን እርምጃ ሰው በሹክሹክታ እንኳ አይናገረውም ነበር። ሰሙነ ሕማማትን ሙሉ ሰገድኩ። ለኃጢአቴ ይመስላል፤ እውነቱ ግን መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ ስሰማ ግንባሬን መሬት ላይ እንዳቆይ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ሊቀ መንበሩ ከጠባቂዎቹ ጋር መረብ አስይዞ መጣ፤ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ዓሣዎቹን ማየት ፈልጎ ነበር። መረቡ አንድ ጊዜ ተጎተተ፤ ትልቁ አምባዛ ብቻ ወጣ፤ ወደ ውሃው መለሱት። ሁለተኛ ተጎተተ፤ ጭቃ። ሦስተኛ፤ ጭቃ።

«የቀሩትስ?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

ወደ መረቡ ጎንበስ አልኩ።

«አሥራ አንድ ዓሣ የት አደረግህ?» እርስዎ ማለቱ ቀርቶ አንተ አለኝ።

«እኔ... አላውቅም።»

አንድ ጠባቂ ከኋላ ተናገረ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ክርስቲያን አምባዛ አይበላም። ቅርፊት የለውማ! ታዲያ እዚህ ግቢ ቆርቆሮ ይዞ ሲመላለስ የኖረው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ አጥሩ ዞሩ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ቆዳ እየወጠረ ነበር። ዞሮ አየን፤ ቢላዋውን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠ።

«በሉ እንግዲህ፣ ምን ሰረቅሁ?» አለ፤ አሁንም ቀልድ መስሎት። ከዚያ ፊታቸውን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «የኔታ፣ እስከ ፋሲካ አታምጣ ስላልከኝ ሁለት ወር ጓሮህን አልረገጥኩም። ንገራቸው እንጂ።»

መሬት መሬት አየሁ። ክንዱን የፊጥኝ አስረው ሲወስዱት የጫማውን ድምፅ እስኪርቅ ሰማሁ። እኔ ልጆቼን ስለ አንዲት የውሸት ቃል የምገርፍ ሰው ነኝ።

በማግሥቱ ሚስቱ መጣች። እጆቿን አጣምራ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባችም። «አንቱ ያልበደለ ሰው እንደማያሳስሩ እናውቃለን። የሚያውቁት ነገር የለም?»

«የለም» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኩት።

እሑድ ዳግም ትንሣኤ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የጎረቤቴን ሚስት ከፊቴ ስትመጣ አየኋት። ምሳ ዕቃው በእጇ ነው። ከብዷታል፤ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ክዳኑ እንደታሰረ ነው።

«አልተቀበሉኝም» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መቀርቀሪያውንም ጣልኩ።

በቤቴ አንድ ሥርዓት ነበረኝ። እሑድ ከምሳ በፊት ልጆቼ በዕድሜያቸው ተራ ቆመው በሳምንቱ ያጠፉትን ይናገራሉ፤ እኔ እመክራለሁ ወይም እቀጣለሁ። ያን ቀን ሥርዓቱን ልተወው አሰብኩ፤ ልጆቹ ግን ለምደው ተሰልፈው ነበር። ትንሿ ስኳር መስረቋን ተናገረች። መካከለኛዋ እኅቷን መምታቷን። ትልቋ ተራዋ ሲደርስ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አቀረቀረች።

«ተናገሪ» አልኳት።

«የአምባዛውን ጭራ አይቼ ዝም አልኩ።» እንባዋ ወረደ። «አባባ፣ ዝም በይ ስላሉኝ ነው። ግን ጥፋቱ የኔ ነው?»

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ጉዳዩ ያን ጊዜ ገባት። ኮቴን ከሚስማሩ አውርዳ ሰጠችኝ፤ ይህን ብቻ።

ከቤቴ እስከ ቀበሌው ያለው መንገድ አጭር ነው። ሁለት ጊዜ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ወደ ቤቴ ዞሬ ነበር። እንደ ጀግና ሄድኩ የምል ከሆነ ውሸታም ነኝ፤ ከልጄ ዓይን ሸሽቼ ነው የሄድኩት።

ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡን አስቀምጦ ወረቀት ይፈርም ነበር። «ሰውዬው አልሰረቀም» አልኩ። «አለ? በሕይወት አለ?»

«ነገ ጎንደር ይላካል። አንተ ምን ቤት ነህ?»

ነገርኩት። ነነዌን፣ ሁዳዴን፣ ሽምብራውን፣ ጭራውን። ስጨርስ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ዓሣ አስጾምክ? የመንግሥት ዓሣ? ደግሞ ዓሣ ዓሣን በላ ብለህ ጎረቤትህን ልታስመልጥ?»

«ኩሬውን ላፍስሰው። በዓይንዎ ይዩ።»

ጎረቤቴን ከእስር ቤት አወጡት። ልብሱ ጎድፎ ከንፈሩ ደም ቋጥሯል፤ ግን በእግሩ ይሄዳል። አላየኝም። ሁላችንም ወደ ግቢዬ ሄድን። ውታፉን በመዶሻ መታሁና ነቀልኩት። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ትልቁ አምባዛ ጀርባው ወጣ፤ ጭቃውን በጭራው ይገርፋል፤ እያንዳንዱ ምት ላስቲኩን በጥቁር ውሃ ይረጨዋል። «ግባ» አለኝ ሊቀ መንበሩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ዓሣው በጭኔ ሥር ሲያልፍ ጮኽኩ፤ ልጆቼ እያዩኝ ጮኽኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በእጄ ጭቃውን ዳበስኩ።

የአምባዛ የራስ ቅል ጠንካራ ነው፤ እንደ ትንሽ ጋሻ ጠፍጣፋ። የመጀመሪያውን አገኘሁና ዳሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። በጣቴ የምፈልገው የሰው ነፍስ ነበር። ስምንት አወጣሁ፤ ዘጠነኛ የለም።

«ሦስቱስ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ሆዱ ውስጥ» አልኩ፤ ሳላውቅ።

ክርስቲያን የሆነ ጠባቂ ሁሉ ወደ ኋላ አለ። ሊቀ መንበሩ የጎረቤቴን ገመድ አስፈታና ቢላዋ አስያዘው። ጎረቤቴ ትልቁን አምባዛ ወደ ዳር ጎትቶ፣ ጉልበቱን ጫን አድርጎበት፣ በአንድ ምት ገደለው። ከዚያ ሆዱን ቀስ ብሎ ሰነጠቀ፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲዘገይ አላየሁትም። በመጀመሪያ የሽምብራ ገለፈት ወጣ። ቀጥሎ አንድ የራስ ቅል፣ ሥጋው ሟሙቶ ያለቀ። ሁለቱ አልተገኙም።

«ሽምብራውንም በልቶታል» አለ ጎረቤቴ፤ ለማንም ሳይሆን።

ሊቀ መንበሩ ወደ ዓሣው፣ ከዚያ ወደ ባዶው ኩሬ አየ። እንግዶቹ የሚታገሉት ዓሣ የለም። «ይኼን ልቀቁት» አለ። «ያንን ያዙት።» ያንን የተባልኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ሳምንት ታሰርኩ፤ ጎረቤቴ በተኛበት ሰሌን ላይ። አንድ ጠባቂ በነጋ ቁጥር በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጠዋት ስሜን ጠብቄያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ «ምሳ!» ሲል ከእኔ ቤት መስሎኝ ተቀበልኩ። ምሳ ዕቃው ግን ያን እሑድ መንገድ ላይ ያየሁት ነበር። ከፈትኩት፤ የሽምብራ ንፍሮ።

«የኔታ ሁዳዴውን ይጨርስ ብሏል» አለ ጠባቂው፤ እስረኛው ሁሉ ሳቀ።

ወሩ የፍስክ ነበር። ንፍሮውን በላሁ። በማግሥቱም ንፍሮ መጣ፤ በሦስተኛውም። እራት ባለቤቴ ታመጣ ነበር፤ ቀትር ግን ያ ምሳ ዕቃ አልቀረም። በሳምንቱ ፌዝ መሆኑ እየመረረኝ ሳኝክ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እሱ ካረደው ሥጋ እኔ አልበላም፤ እሱም ያውቃል። ከእሱ ቤት ወጥቶ እኔ አፍ የሚገባ ነገር ጥራጥሬ ብቻ ነው። ፌዝ ይሁን ማሰብ፣ ሁለቱም ይሁን፣ ደፍሬ ጠይቄው አላውቅም።

የተፈታሁ ቀን ወደ ቤቴ ከመግባቴ በፊት ምሳ ዕቃውን አጥቤ አጥሩ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤቴ ልኳንዳው ውስጥ ነበር፤ ሳቁ ይሰማል። የወጣችው ሚስቱ ናት። ዓይኗን እያየሁ የዋሸኋት ሴት። ሰላምታ ሰጠኋት። ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወሰደች፣ ክዳኑን ከፍታ መጽዳቱን አየች፣ ገባች።

ሰላምታዬን የመለሰችልኝ በዓመቱ ነው። እሱም ቢሆን የሚገባኝ አልነበረም።